ሰገነት እስክትበረታ

በሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ በመጋቢት መገባደጃ፣ ኮሮና የተባለው ደዌ ሰዉን ሁሉ በየቤቱ ባስቀመጠበትና ከሞጣ ወደ ቢቸና የሚያልፍ መኪና በጠፋበት ወራት፣ ሰገነት ኃይለ ጊዮርጊስ በሞጣ ከተማ ሴት ልጅ ተገላገለች፤ ምጡ ረዝሞ ደሙም በርትቶ ነበርና፣ ነፍሷ የተረፈው በብዙ ጭንቅ ነው። በቢቸና ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩት አባቷ መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ የምሥራቹን በስልክ ሰምተው «በርችና ይዘሻት ነይ፤ ዓይኗን ልይ» አሏት። ሳምንት ሳይሞላ እኒያ ሽማግሌ በአጭር ሕመም አረፉ፤ ሰው እንዳይሰበሰብ በከለከለው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም ምክንያት ጥቂት ካህናት ብቻ ቆመው ቀበሯቸው።

መርዶው ለባሏ ለመምህር ምንይሉ ደረሰ። ለአራስ መርዶ አይነገርም፤ ወተቷ ይደርቃል፣ ደሟም ያገረሻል ይባላል። የምንይሉ እናት ወይዘሮ ይርጋነሽ ወዲያው ፍርዱን ሰጡ።

«ይህ ነገር ከጆሮዋ እንዳይገባ!» አሉ። «ስትበረታ ይነገራታል።»

ስለዚህ ሰገነት በጠየቀች ጊዜ፣ መሪጌታ ስልካቸውን ትተው ሱባዔ ገብተዋል ተባለች። ነገሩ የሚታመን ነበር፤ በየዓመቱ በዐቢይ ጾም ይህንኑ ያደርጉ ነበርና። እሷም ከዚያች ቀን ጀምሮ አንድ ሐሳብ ብቻ ያዘች፤ ቶሎ በርትቶ፣ ልጇን አዝሎ፣ ቢቸና መድረስ።

አማቷ ገንፎውን በቅቤ እያራሱ «ብይና ተኝ» ይሏታል፤ እሷን ግን መኝታው እሾህ ሆነባት። አማቷ ዘወር ሲሉ ትነሣና፣ ሆዷን በመቀነት ጠበቅ አድርጋ አስራ፣ ግድግዳውን እየተደገፈች ከጓዳ እስከ በር ትመላለሳለች፤ ላቧ ይወርዳል፣ ትቀመጣለች፣ ደግሞ ትነሣለች። አዋላጇ «ቀስ በቀስ ተራመጂ» ብላት ነበር፤ መራመዱን ያዘች፣ «ቀስ በቀስ» የሚለውን ግን ወዲያው ረሳችው።

ፋሲካ አለፈ።

«የማን ሱባዔ ነው ፋሲካን የሚሻገር?» አለችው ባሏን።

«በሽታው እስኪያልፍ አራዝመውት ነው» አለ ምንይሉ፤ ዓይኑን ግን ከሕፃኗ ላይ አላነሣም።

«እንግዲያው በእግሬም ቢሆን እሄዳለሁ።»

«አንች? ጓሮ ደርሰሽ ስትመለሽ የሚያዞርሽ ሴት! እስቲ መጀመሪያ ይህን ከቤታችን በላይ ያለውን ዳገት ውጭ።»

ወይዘሮ ይርጋነሽ «አራስ በጠራራ ፀሐይ! ኧረ ምች ይመታሻል!» እያሉ እስከ አጥሩ ድረስ ቢጮኹባትም፣ ዳገቱን ወጣች። ምንይሉም መውጣት ብቻ አይበቃም፣ መንገደኛ ሸክም አለበት አለ፤ እሷም ከቦኖው ውሃ በጀሪካን ተሸክማ መጥታ ከፊቱ አስቀመጠችና «አየህ?» ብላ ሳቀች። ሐሰትና ስንቅ እያደር ይቀላል እንዲሉ፣ የዚህ ምስኪን ሰው ሐሰት ሳስቶ ሳስቶ ከጀርባው ያለው ሊታይ ደርሶ ነበር። ሚስቱ ከሞት አፋፍ ተመልሳ ፊቷ ደም ሲለብስ ደስታው ወሰን አልነበረውም፤ ግን እሷ በዳነች ቁጥር መርዶው እየቀረበ ነበርና፣ የሚወዳትን ሴት ጤንነት እንደ ጠላት ይፈራው ጀመር።

በሰኔ ሕፃኗ ክርስትና ተነሣች። ሰገነት ልጇን ታቅፋ ያለ ምርኩዝ ቆማ አስቀደሰች፤ ጎረቤቶቿም ከሩቅ ሆነው «እንዴት ጠንተሻል! እንዴት አምሮብሻል!» አሏት። መኪናም በጥቂቱ መንቀሳቀስ ጀምሮ ነበርና፣ በማግሥቱ እንደምትሄድ ለሁሉም ነገረች። ምንይሉ የሚሰጣት ሌላ ዳገት አልቀረውም።

በማግሥቱ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ ልጇን በአንቀልባ አዝላ ጫማዋን ስታጠልቅ፣ የነፍስ አባቷ ቄስ ገብረ ኪዳን ከጎረቤት ሽማግሎች ጋር ገቡ።

«አባታችን፣ መንገዴን ሊባርኩልኝ መጡ?» አለች ደስ ብሏት።

«ልጄ፣ በርትተሻል?» አሏት።

«በርትቻለሁ!»

ቄሱ አንገታቸውን ደፉና ነገሯት።

ሰገነት መጀመሪያ አላለቀሰችም። አንቀልባውን ፈታ ልጇን ለአማቷ ሰጠችና ወደ ባሏ ዞረች።

«ዳገት ያስወጣኸኝ፣ ውሃ ያሸከምኸኝ ለዚህ ነው?»

ምንይሉ የተፈታውን አንቀልባ አንሥቶ ማጠፍ ጀመረ።

«ለሕፃኗ ወተት ብለን ነው፤ ለነፍስሽ ሳስተን ነው፣ ልጄ» አሉ ወይዘሮ ይርጋነሽ እያለቀሱ።

«ባውቅማ ከዚያ አልጋ አልነሣም ነበር» አለች ሰገነት። «ተኝቼ ብቆይ አባዬ ዛሬም ሱባዔ ላይ ነበሩ።»

ከዚያም በእነዚያ ወራት በድብቅና በመከራ ያጠራቀመችውን ጉልበት ሁሉ አውጥታ ጮኸች፤ ጩኸቷም መንደሩን ሁሉ ቀሰቀሰ፤ ወይዘሮ ይርጋነሽ ያን ቀን ደሟ እንዳያገረሽ ሲፈሩ ዋሉ፤ አላገረሸም፣ ወተቷም አልደረቀም፤ በእርግጥም በርትታ ነበር።

የዚያን ዘመን ነገር የጻፉ ሰዎች አዋጁ የወጣበትን ቀን፣ የተዘጋውን መንገድ፣ በደዌው ያለቀውንም ሰው ብዛት ጽፈዋል። መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ በሚያዝያ መግቢያ እንዳረፉም ቢቸና ያውቃል። በሞጣ በአንድ ቤት ውስጥ ግን እስከ ሰኔ ድረስ በሕይወት ኖሩ፤ የሞቱትም ልጃቸው በበረታችበት ማለዳ ነው።