የፕሬዚዳንቱ የፍየል ጎድን

ሽማግሌው ዘካርያ ካሊንዴ ምሳ በቀረበበት ጠረጴዛ ላይ ተደፍተው ሞቱ። ፊታቸው ካለው የመንግሥት ዓርማ የታተመበት ሳህን ላይ ፕሬዚዳንቱ የላኩላቸው የፍየል ጎድን አጥንቱ ብቻ ቀርቷል። ኢንስፔክተር ኤስናርት ካምፊንዳ ሽማግሌው ወዳረፉበት የማንጎቺ ከተማ እንግዳ ቤት ስትደርስ የምክትል ፕሬዚዳንቷ ፓርቲ ወጣቶች ድንጋይ ይዘው መንገዱን ሞልተውታል። የፕሬዚዳንቱ ወጣቶች ደግሞ ከማዶ ቆንጨራ ይስላሉ።

«ሳይመሽ ገዳዩን ካላገኘሽ ከተማዋ አመድ ትሆናለች» አላት አዛዥዋ በስልክ።

ፕሬዚዳንት ዋይሰን ቺምባዛና ምክትላቸው ዶሮፋ ቺንጋላ ከተለያየ ፓርቲ መጥተው ሥልጣን ተጋሩ እንጂ ፊት ለፊት ከተነጋገሩ ዓመት አልፏቸዋል። የአንዱን ቃል ለሌላው የሚያደርሱት የዶሮፋ አጎት ዘካርያ ነበሩ። ዶሮፋ «ቀጣዩ ምርጫ የእኔ ነው፣ ቃል ገብተውልኛል» ትላለች፤ ፕሬዚዳንቱ ዝም ይላሉ። ቃሉ ተገባ በተባለበት ቦታ የነበሩት ብቸኛ ምስክር ሽማግሌው ናቸው፤ እሳቸውም ነገ ጠዋት በሁለቱ ፓርቲዎች ፊት እውነቱን ሊናገሩ ነበር።

ኤስናርት የሟቹን ቀኝ እጅ አንስታ አየች። ጣታቸው ላይ ንሲማ የሚሉት የበቆሎ ገንፎና የባሚያ ልጋግ ደርቋል። ጠረጴዛው ላይ ግን ከፍየል አጥንትና ከሩዝ በቀር ምንም የለም። ኮታቸውን ስትፈትሽ በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አገኘች፤ ገልጣ አየችውና መልሳ ጠቀለለችው።

በሩ ላይ ሁለት ጠባቂዎች ቆመዋል፤ ፓርቲዎቹ ስለማይተማመኑ ከየወገናቸው አንድ አንድ አቁመዋል።

«ማን ማን ገባ?»

«መጀመሪያ የእነዶሮፋ ፓርቲ ጸሐፊ፣ ኡስማኒ» አለ የፕሬዚዳንቱ ጠባቂ።

«ኡስማኒ ሲወጣ ፍየሉ መቼ መጣና!» አለ ሌላው። «ፍየሉን ያመጣው የእናንተው ላሜክ ነው። አስቀምጦ ወዲያው ወጣ።»

«ከዚያስ?»

«ክብርት ዶሮፋ፣ ዘንቢል ይዘው። ከሳቸው ወዲያ ማንም አልገባም።»

«እናንተስ?»

«ይሄን ጉድ በሩ ላይ ብቻውን ትቼ?» አሉ ሁለቱም እርስ በርስ እየተጠቋቆሙ።

የፕሬዚዳንቱ ረዳት ላሜክ ተቆጣ። «ልንመርዝ ብንፈልግ ዓርማችን ባለበት ሳህን እንልካለን? እንዲህ ጅሎች ነን?»

ዶሮፋ ግን እያለቀሰች ነበር። «ዘንቢሉ ውስጥ የነበረው ለነገ የሚለብሱት ሸሚዝ ነው። ‹አጎቴ፣ የነሱን ምግብ ይተዉ› ብዬ ለመንኳቸው። እምቢ አሉኝ።»

ኤስናርት ባለፈው ምርጫ ድምጿን የሰጠችው ለእሷ ነው። ልታምናት በጣም ፈልጋ ነበር።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ሁሉንም በረንዳው ላይ ሰበሰበቻቸው። ፕሬዚዳንቱ ከአንዱ ጥግ፣ ዶሮፋ ከሌላው ጥግ ተቀመጡ። ከአጥሩ ውጪ ወጣቶቹ የዶሮፋን ስም እየጠሩ ይዘፍናሉ።

«ይህን አጥንት ተመልከቱት» አለች ኤስናርት። «ጥርስ ያለው ሰው ነው የጋጠው።»

«አጎቴ ጥርስ ነበራቸው» አለች ዶሮፋ።

ኤስናርት መሐረቡን ፈታችው። «ጥርሳቸው ሰው ሠራሽ ነው። ለንግግር ያደርጉታል፣ ሲበሉ ያወልቁታል፤ ድዳቸው ቆስሏል። ኪሳቸው ውስጥ ነው ያገኘሁት። እኛ ሴቶች ተንበርክከን የአጎቶቻችንን እጅ እናስታጥባለን፤ ከዚያ እስኪጨርሱ ፊታችንን እናዞራለን። እርስዎ የእናትዎን ወንድም ሲያኝኩ አይተው አያውቁም። እኔም የእኔን አላየሁም።»

ዶሮፋ ቀና ብላ አየቻት።

«ሽማግሌው የበሉት ባሚያ ነው፤ እሱም ከጠረጴዛው ላይ ተነሥቷል። ፍየሉን የበላው ሰው ግን ምንም አልሆነም። ስለዚህ መርዙ ፍየሉ ውስጥ አልነበረም። እዚህ አገር የሌላውን ወገን ውሃ እንኳ የሚጠጣ ጠፍቷል። ታዲያ ሽማግሌው የበሉት እንዲመስል ሬሳ አጠገብ ቁጭ ብሎ የፕሬዚዳንቱን ፍየል የሚግጥ ማን ነው? መርዙ ያለበትን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። አቶ ኡስማኒ የወጡት ፍየሉ ሳይመጣ ነው። ላሜክ ጌታውን የሚያስጠረጥር ሥራ አይሠራም። ጠባቂዎቹ ከበሩ አልተነቃነቁም። ቀሪዋ ባሚያውን በዘንቢል ይዘው የገቡት ናቸው።»

«ክብርት!» አለ ኡስማኒ ብድግ ብሎ። «አይደለም ይበሉ እንጂ!»

ዶሮፋ እንባዋን ጠረገች። «ነገ አጎቴ ‹ቃል አልተገባም› ሊሉ ነበር። ያ ሁሉ ሕዝብ የተሰለፈልኝ በዚያ ቃል ነው።»

«እኔ ቃል አልገባሁም» አሉ ፕሬዚዳንቱ እፎይ ብለው።

«አልገባሁም ብለውም አያውቁም» አለች ዶሮፋ።

ከዓመት በኋላ ፊት ለፊት የተነጋገሩት ይህን ብቻ ነው። ፕሬዚዳንቱ አቀረቀሩ።

ኤስናርት ኡስማኒን ወደ ወጣቶቹ ላከችው፤ ከእሱ አፍ ካልሰሙት አያምኑም። እግሩን እየጎተተ ወጣ። ጥቂት ቆይቶ ዘፈኑ ተቋረጠ።

«አጎትዎ አልጠረጠሩም?» አለች ኤስናርት ቀስ ብላ።

«እጃቸውን ሳስታጥባቸው ‹ነገ እውነቱን ስናገር እንዳትቀየሚኝ፣ ልጄ› አሉኝ።»

«እርስዎስ ምን አሏቸው?»

«‹አልቀየምዎትም› አልኳቸው። መረቁኝና በሉ።»