በመኪናዋ ላይ የቀናችው አስካል

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ በሉ። ጥቅምት ገብቷል፣ ብርዱ ክፉ ነው፤ ጋቢዬ ሁላችሁንም ይበቃል። አንተ እግርህን ሰብስብ፣ ነፋስ ታስገባብናለህ።

ዝዋይ ከተማ ውስጥ አስካል የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች።

አባቷ አስናቀ የጭነት መኪና ነበረው። ሰማያዊ፣ አሮጌ፣ ሆዷ ሰፊ መኪና።

ከሰኞ እስከ ቅዳሜ አባባ ከመኪናዋ ጋር ነው። ሽንኩርት ይጭናሉ፣ ይሄዳሉ፣ ሲመሽ ይመለሳሉ።

እሑድ ግን የአስካል ናት። እሑድ አባባ አስካልን ትከሻው ላይ ያወጣትና ሐይቅ ዳር ወፍ ሊያሳያት ይወስዳታል።

አንድ እሑድ ጠዋት አስካል ጫማዋን አድርጋ፣ ፀጉሯን ተሠርታ ደጅ ቆመች። አባባ መጀመሪያ መኪናዋን ከበሩ ዞር ላድርጋት ብሎ አስነሣት።

«ብር... ብር... እህ! እህ! እህ!» አለች መኪናዋ።

አባባ ደነገጠ። ወረደ፣ ኮፈኗን ከፈተ፣ ጆሮውን ወደ ሞተሩ አስጠጋ።

«ምን ሆንሽብኝ፣ የኔ እናት?» አላት።

የኔ እናት! አባባ እስከዚያ ቀን ድረስ «የኔ እናት» የሚለው አስካልን ብቻ ነበር እኮ።

አስካል ቀናች። እስከ ጆሮዋ ድረስ ቀናች።

አባባ ካንዴላዎቿ አርጅተዋል አለ። ካንዴላ ማለት፣ ሞተር ውስጥ እሳት የምትጭር፣ ጣት የምታህል ዕቃ ናት። መኪናዋ አራት ነበሯት።

ነገ የሰው ሽንኩርት ማሳ ላይ ይጠብቀኛል፣ ዛሬውኑ መቀየር አለብኝ አለ። ሐይቁስ ብትለው፣ ሐይቁ የትም አይሄድም አላት።

እንግዲህ ገዝቶ ያስቀመጣቸውን አራት አዲስ ካንዴላዎች ንጹሕ ጨርቅ ላይ ደረደራቸው። ያብረቀርቃሉ። ከዚያ መፍቻውን አነሣ።

«ቅርርጭ!» አንደኛዋ አሮጌ ወጣች። «ቅርርጭ!» ሁለተኛዋ ወጣች። «ቅርርጭ!» ሦስተኛዋም ወጣች።

አራተኛዋ ግን ግትር ነበረች። ወደዚህ ቢላት፣ እንቢ። ወደዚያ ቢላት፣ እንቢ።

በሉ እናንተም አግዙኝ። ወደዚህ ቢላት፣ እንቢ! ወደዚያ ቢላት፣ እንቢ!

በጉልበት ከታገሏት ውስጥ ትሰበራለች። አባባ ይህን ያውቃል። ስለዚህ ዘይት አንጠባጠበላት፤ «ጠብ! ጠብ!»

ዘይቱን እስክትጠጣ ድረስ ሦስቱን አዲሶች በየቦታቸው አስገባ። ከዚያ የመኪናዋን መስታወት በጨርቅ እየወለወለ፣ አይዞሽ፣ ቀስ ብለን ነው ይላት ጀመር።

አስካል ቀናች። እስከ ጆሮዋ ድረስ ቀናች።

ቁጭ ብላ አሰበች። አባባ ለመኪናዋ የሮጠላት ስለሳለች አይደል? እንግዲያው እኔም ልሳል አለች።

«እህ! እህ! እህ!»

አባባ ዘወር አላለም። እማዬ ግን ከጓዳ ሰማች።

ወዲያው ከጓሮ ዳማከሴ ቀጠፈች። ቅጠሉን በመዳፏ አሸት አሸት አድርጋ፣ አስካልን በክንዷ ቆልፋ፣ ጭማቂውን አፍንጫዋ ላይ ጨመቀችላት።

ዳማከሴ ታውቃላችሁ? ሽታው አናት ድረስ ነው የሚወጣው። «ኧጢሽ! ኧጢሽ!»

«እማዬ፣ ተሻለኝ» አለች አስካል።

«ገና ነው» አለች እማዬ። ሌላ ቅጠል ጨመረችላት።

አሁን አስካል ዓይኗም አፍንጫዋም ይፈሳል፤ ንዴቷም ጨመረ። ኮቴዋን አጥፍታ ወደ መኪናዋ ሄደች። አባባ ሞተሩ ላይ ጎንበስ ብሏል።

ጨርቁ ላይ የቀረችውን አንድ አዲስ ካንዴላ አነሣችና ጓሮ እንቁላል ታቅፋ የተቀመጠች ዶሮ ሥር ከተተቻት።

«ቋ!» አለች ዶሮዋ።

አባባ እንደገና መፍቻውን ያዘ። ወደዚህ ቢላት፣ ትንሽ። ወደዚያ ቢላት፣ ትንሽ። «ቅርርርርርጭ!» ግትሯ ካንዴላ ወጣች።

ደስ አለው። እጁን ወደ ጨርቁ ሰደደ። ጨርቁ ባዶ ነው።

ጨርቁን አራገፈው። ኪሱን ዳበሰ። የለችም። አስካል አሁን ይተዋትና ሐይቅ እንሄዳለን ብላ ጠበቀች።

አባባ ግን ካንዴላዋን ሊፈልግ በጀርባው ተንጋሎ መኪናዋ ሥር ገባ። መጀመሪያ ራሱ፣ ከዚያ ሆዱ፣ ከዚያ ጉልበቱ። ጫማው ብቻ ቀረ።

አዬ አስካል! መኪናዋ አባባን እንድትለቅላት ብላ ደብቃ፣ ይኸው መኪናዋ ጭራሽ ዋጠችው።

ብዙ ቆይቶ፣ ፀሐይ ስትዘቀዝቅ ወጣ። ለእማዬ፣ ነገ ይህች መኪና ካልተነሣች ሽንኩርቱ ማሳ ላይ ይበላሻል፣ ገበሬው ምን ይለኛል አላት። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር።

አስካል ያን ድምፅ ስትሰማ ብድግ አለች።

ወደ ዶሮዋ ሄደች። «ቋ!» አለች ዶሮዋ፤ እጇንም በመንቆሯ ወጋቻት። አስካል ግን ካንዴላዋን ይዛ መጣች።

አባባ በመዳፉ ተቀበላት። «ትሞቃለች እኮ! ልትፈለፈል ነበር እንዴ?» አለ።

አስካል አልሳቀችም። «እኔ ነኝ የደበቅኳት። መኪናዋ ስትስል ትሰማታለህ፤ እኔ ስስል አልሰማኸኝም» አለችው።

አባባ መፍቻውን አስቀመጠ። ከዚያ መሬት ላይ፣ አጠገቧ፣ ቁጭ አለ።

«ሰምቼሻለሁ» አላት። «ሦስት ጊዜ ሳልሽ። ግን ሳሉ የውሸት ነበር። የመኪና ሳል የሚለይ ጆሮ የልጁን ሳል ያጣዋል?»

«ታዲያ ለምን አልመጣህም?»

አባባ ጭንቅላቱን አከከ፤ በዘይት እጁ። «እሱ የኔ ጥፋት ነው። የውሸት ሳልም ቢሆን ሰው ይጠራበታል። መምጣት ነበረብኝ» አላት።

ከዚያ ጣቶችሽን አሳዪኝ አላት። አዲስ ካንዴላ መጀመሪያ በመፍቻ አትገባም፤ በጣት ነው፣ በስሱ፤ ከተጣመመች የምትዞርበት ጥርሷ ይበላሻል አላት።

የሽንኩርት ሣጥን ገልብጦ ላዩ ላይ አቆማት። አስካል ትንሽ አዞረች፣ እሺ። ትንሽ አዞረች፣ እሺ። ካንዴላዋ ገባች።

አባባ በመፍቻው አጠበቃትና መኪናዋን አስነሣ። «ብርርርርርር!» ሳል የለ፣ ምን የለ።

ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር። በይ ግቢ፣ በመኪናዋ ሐይቅ ላድርስሽ አላት።

«እንቢ። በትከሻህ» አለች አስካል።

አባባ ስቆ ሞተሩን አጠፋ። አስካልም ትከሻው ላይ ሆና፣ ነጫጮቹ ወፎች ወደ ማደሪያቸው ሲገቡ አየች። መኪናዋ ቤት ቀረች።

ሽንኩርቱ በማግስቱ ደኅና ተጫነ። ዶሮዋ ዘጠኝ ጫጩት ፈለፈለች። መኪናዋ ሌላ ስድስት ዓመት ሠርታ ጡረታ ወጣች። እማዬ እስከ ዛሬ ለሳለ ጎረቤት ሁሉ ዳማከሴ ትቀጥፋለች፤ አባባም ሸብቷል።

አስካል ደግሞ በዓመቱ ወንድም ተወለደላት። በእሱም ቀናች፣ አልዋሻችሁም። ቅናቷ ሲመጣ ግን ወደ አባባ ሄዳ ቀንቻለሁ ትለዋለች፤ እሱም በትከሻው ቦታ ያበጅላታል።

በሉ፣ ዓይናችሁን ጨፍኑ። ጋቢውን አትጎትቱብኝ።