ከስሙ ቀጥሎ ያለው

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኩሪሃራ ቴትሱያ ከጀልባ ወርዶ፣ ቀድሞ ወዳረፉበት ጎጆ ገባና ጮኸ። ጀልባ ነጂው ሺሮማ የመጥለቂያውን ዕቃ ተሸክሞ ሲደርስ የሰውየው ሚስት ሬይኮ በረንዳው ላይ ሞታ ተጋድማለች። የታፈነችበት ትራስ ከጎኗ ወድቋል። ጠረጴዛው ላይ ግማሹ የተበላ የባሕር ወይን ሳህን አለ፤ አረንጓዴ፣ ፍሬ ፍሬ የሆነ የባሕር ሣር ነው።

የደሴቲቱ ልጅ ሳጅን ታማኪ በብስክሌቷ በሩብ ሰዓት ደረሰች። ሬሳውን አየች፤ ሳህኑን ግን ከዚያም አስበልጣ አየችው።

ለዕረፍት የሚመጣ ሰው ሥራውን ቤቱ ይተዋል፤ ቅናቱን ግን ይዞት ይመጣል። ሬይኮ ስምንት ዓመት ከቶኪዮ ብቻዋን እየመጣች እዚህ ዳርቻ ስታርፍ ኖራለች። ዘንድሮ ባሏ ተከትሏት መጣ።

«ምን እንደሚያመላልሳት ልይ ብዬ ነው» አለ ቴትሱያ፣ መሐረቡን ዓይኑ ላይ ይዞ። «እሷ በየዓመቱ የጻፈችበትን የእንግዶች ደብተር አነበብኩት። በየገጹ ሺሮማ፣ ሺሮማ! አንጀቴ አረረ። ግን ከሰባት ሰዓት ጀምሮ እኔም እሱም ጀልባ ላይ ነበርን። ስንሄድ ሬይኮ ደህና ነበረች። እዚህ የቀረችው ይቺ ወጥ ሠሪ ናት፤ ሳህኑን ይዛላት የመጣችውም እሷው ናት።»

«ውሸታም!» አለች ወጥ ሠሪዋ ሚትሱዬ። «አምስት ሰዓት ላይ ከእጄ ተቀብለኸኝ የለ? ‹ስትነሳ ትበላዋለች› ብለህ!»

«እኔ የዓሣ መኖ አልነካም።»

ታማኪ ወደ ሚትሱዬ ዞረች። «ትናንት ሬይኮን ምን አልሻት?»

«‹ሺሮማን ብትነኪው ፀጉርሽን እነጭልሻለሁ›።»

«ለምን?»

«ቀናሁዋ፣ እትዬ! በጥቅምት ልንጋባ ነው። እሱ ግን እሷ በሳቀች ቁጥር ጥርሱን አይከድንም።»

የሺሮማ ጆሮ ቀላ። የአሥራ አንድ ሰዓቱ መርከብ ተጠርጣሪውን ወደ ዋናው ደሴት ይወስዳል፤ የሁሉም ዓይን ሚትሱዬ ላይ ነበር። እሷም ታውቀዋለች፤ ሽርጧን ጨምድዳ ይዛለች።

ታማኪ ወጥ ቤቱ ገብታ የባሕር ወይኑ የሚቀመጥበትን የጨው ውሃ ገንዳ አየች። ቀጥላ የጎጆውን ትንሽ ፍሪጅ ከፍታ ጎንበስ አለች። አሥር ሰዓት ላይ ሁሉንም በረንዳው ላይ ሰበሰበቻቸውና ሁለት ሳህን ጎን ለጎን አስቀመጠች።

«ይሄ አሁን ከሚትሱዬ ገንዳ የወጣ ነው። ሲነክሱት ይፈነዳል። ይሄኛው ሬይኮ ጠረጴዛ ላይ የነበረው ነው። ስደርስም እንዲሁ እንደ አሮጊት ጉንጭ ተሸብሽቦ ነበር። ብርድ ነው የገደለው። እኛ ዘንድ ሕፃን እንኳ የባሕር ወይን ፍሪጅ ውስጥ አይከትም።»

«ታዲያስ?» አለ ቴትሱያ።

«ሚትሱዬ ከሰባት ሰዓት በኋላ አምጥታው ቢሆን እንደ ገንዳው ፍሬ ሞልቶ ይገኝ ነበር። ስለዚህ ቀደም ብሎ ጎጆው ገብቷል። ፍሪጁ ውስጥ የሳህን ክብ እርጥበትና አንዲት አረንጓዴ ፍሬ አለ። ገዳዩ ሬይኮን ጀልባው ሳይነሳ አፈናት፤ ሳህኑን ሳይጠወልግ ይቆይልኛል ብሎ ፍሪጅ ውስጥ ደበቀ። ሲመለስ ቀድሞ ገብቶ አወጣውና ግማሹን ደፋ፤ እሱ ከሄደ በኋላ የበላች እንድትመስል። ቀድሞ የገባው ማን ነው?»

«ራሷ ሬይኮ ከትታው ቢሆንስ?»

ታማኪ የእንግዶች ደብተሩን ገለጠች። «የመጀመሪያ ዓመቷ ነው፤ በእጇ የጻፈችው። ‹ዛሬ የባሕር ወይኑን ፍሪጅ ውስጥ ከትቼ ገደልኩት። ሚትሱዬ እስክታለቅስ ሳቀችብኝ። ሺሮማ ሌላ አመጣልኝ። ሁለተኛ አይለምደኝም።› አንብቤዋለሁ ብለውኝ አልነበር፣ አቶ ቴትሱያ?»

ሰውየው መሐረቡን አወረደ። ደረቅ ነበር፤ ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም።

«እኔ... የሱን ስም ብቻ ነው የፈለግሁት» አለ።

ሚትሱዬ መሬት ላይ ዘጭ ብላ አለቀሰች። ሺሮማ አጠገቧ ተቀመጠ።

«እንግዲያው ከስሙ ቀጥሎ ያለውን ይዩት» አለች ታማኪ፤ ደብተሩን ዘረጋችለት።

በገጹ ግርጌ እንዲህ ይላል፦ ‹በሚቀጥለው ዓመት ቴትሱያን አመጣዋለሁ። ይህን ባሕር ሳያይ አይቅርብኝ።›

ቴትሱያ ገጹን ገለጠ፤ ቀጣዩንም ገለጠ። በየገጹ ግርጌ የራሱ ስም አለ። መርከቡ ሲጮህ ገና አምስተኛው ዓመት ላይ ነበር።