ውሃ የመሰለው ዘይት

ሰሎሜ የሞተችው ከሞያሌ ወደ ሶሎሎ ሆስፒታል በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በባሏ መኪና የኋላ ወንበር፣ ምጥ ይዟት ነው። ሞተሩ ተንቋቋና ቀጥ አለ። ባሏ ባምላክ መንገድ ላይ ቆሞ ቢጮኽ ማን ይስማው? ሌላ መኪና እስኪመጣ እናትም ልጅም አለፉ።

ሞያሌ ደግሞ ለፍርድ መች ሰንፋ ታውቃለች! ከቀብር መልስ ገዳዩ ታውቆ አደረ፤ የሞተር ዘይት ሻጩ አሰግድ። «ሲንተቲክ ነው ብሎ አርቲፊሻል፣ የውሸቱን ሸጠ» ተባለ። የሟች ወንድሞች ሱቁን ሊያቃጥሉ ቤንዚን ገዙ። ፖሊስም አሰግድን ለነፍሱ ሲል ጣቢያ አስገባው። ጉዳዩ የተሰጠው ለመርማሪ ቢፍቱ ነበር። እዚያው አቅራቢያ ያለችው የቦሪ ልጅ ናት፤ ጥቂት ትናገራለች፣ ብዙ ታያለች።

«እስከ ሠልስቱ እውነቱን ካላገኘሁ ወንድሞቿን የሚያቆም የለም» አለችው አሰግድን።

«ኢንስፔክተር፣ ሦስት ዓይነት ዘይት ነው ያለኝ፤ ተራ፣ ግማሽ ሲንተቲክና ሙሉ ሲንተቲክ። የባምላክ መኪና አዲስ ናት፣ የዘይት መንገዷ ጠባብ ነው። ቀጭኑን፣ ሙሉ ሲንተቲኩን ሸጥኩለት። ሌላ ምን ልበል?» እንባው መጣ።

የባምላክን መኪና የሚጠግነው ሀልካኖ ነው፤ ሞያሌ እንደሱ ያለውን ፉንዲ ትለዋለች። ጋራዡ ውስጥ ጎኑ የተበሳ ባዶ ጀሪካን አሳያት።

«ለምን በሳኸው?»

«ሁላችንም እንበሳለን። ካልበሳነው ሌባ አርቲፊሻል ይሞላበትና መልሶ ይሸጠዋል። ይሄ የባምላክ ነው፤ ሞልቼለት ስጨርስ በሳሁት።»

ቢፍቱ ከጀሪካኑ ሥር የቀረውን ጠብታ በብርጭቆ አጠራቀመች። ከቆመው ሞተር ዘይት ቀዳች፤ ከአሰግድ ሱቅም ያልተከፈተ ጀሪካን ወሰደች።

ከዚያ ለቅሶ ቤት ገባች። የሰሎሜ አባት ጋሽ ዮፍታሄ በዚያ መንገድ ላይ ከባድ መኪና ሲነዱ ያረጁ ሰው ናቸው።

«ፖሌ ሳና፣ አባቴ፣ እግዜር ያጽናዎ» አለቻቸው።

«ምን ያደርጋል ልጄ! የባምላክ ሆቴል ግቢ ስለሌለው መኪናዋ ዘይት የተቀየረላት ማታ ከኔ ጋ ነበር ያደረችው። የዘይት መለኪያውን መዝዤ በጣቴ አሸሁት። ውሃ! ውሃ ሸጦ ልጄን ገደለብኝ!»

ቢፍቱ ጣታቸውን አየችና ወጣች።

በሠልስቱ ድንኳኑ ሞላ። ወንድማማቾቹ ቤንዚናቸውን ከወንበር ሥር አድርገዋል። አሰግድ በሁለት ፖሊሶች መሀል ቆሟል። ቢፍቱ ከባምላክ ሆቴል ፍሪጅ፣ ሥጋ ከሚቀመጥበት፣ ያሳደረቻቸውን ሦስት ብርጭቆ ዘይት አስመጣች።

«ጥሩ ሲንተቲክ በረዶ ቤት ቢያድርም ይፈሳል» አለች። «ይህ ከአሰግድ ሱቅ ነው።» ገለበጠችው፤ ፈሰሰ። «ይህ ሀልካኖ ከበሳው ጀሪካን።» እሱም ፈሰሰ። «አንድ ናቸው። አሰግድ የሸጠው እውነተኛውን ነው።»

ሦስተኛውን ገለበጠች፤ ጠብ አላለም።

«ይህ ከሞተሩ የወጣው ነው። አሽትቱት፤ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ለማርሽ የሚሆነው ወፍራሙ የካምቢዮ ዘይት ነው። ለአዲስ ሞተር የዘይቱ ቅጥነት ነው ሕይወቱ፤ ይህ በጠባቡ መንገድ አያልፍለትም። ሞተሩ ደርቆ ነው የቆመው።»

«ታዲያ ሀልካኖ ነዋ!» አለ ባምላክ ብድግ ብሎ።

«አይደለም። መኪናዋ ከሀልካኖ እጅ ከወጣች በኋላ ዘይቱን ያየ ሰው አለ፤ ቀጭን ነበር ብሏል። የወፈረው ከዚያ ወዲህ ነው።»

መልሱን ታውቀዋለች። ምነው አፌን በቆረጠው አለች በልቧ፤ ባትጠይቅ ግን ሱቁ ይነዳል፣ አሰግድም አይተርፍም።

«ጋሽ ዮፍታሄ፣ ውሃ መሆኑን ሲያዩ ዝም አሉ?»

«ዝም? እኔ?» ሽማግሌው ተቆጡ። «ልጄ የምትሄድበት መኪና አይደል እንዴ! ደፋሁትና ከድሮው መኪናዬ የተረፈኝን ወፍራሙን ሞላሁ። እኛ በዚህ በረሃ ስንነዳ እሱን ጨምረን...»

ብርጭቆውን አዩ፤ ባምላክን አዩ። ወይ ፍቅር! ጠላት ቢሆን ያደረገው እኮ እናቶቹም ደረት እየደቁ ይረግሙት ነበር።

ባምላክ «አባባ...» አለ። ወንድማማቾቹ አንገታቸውን ደፉ። አሰግድ ነፃ መውጣቱን ረስቶ ያለቅሳል።

ጋሽ ዮፍታሄ ተነሥተው ሁለት እጃቸውን ለቢፍቱ ዘረጉ።

«እሰሪኝ፣ ልጄ።»

«በምን ልሰርዎ፣ አባቴ?»

«ገድያታለሁ አይደል?»

«እንዳይቸግራት ብለው ነው። ይህን የሚከስ ሕግ እኔ አላውቅም።»

«ታዲያ ወዴት ልሂድ?»

ሊያጽናና የመጣው ሕዝብ ሁሉ ሰማቸው። እጃቸውን እንደዘረጉ ቆሙ።