የአቶ ደጋጋ ስንዴ

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሁለት ሳህኖች ሐሴት ፊት ነበሩ። በየሳህኑ ጨርቅ፣ በየጨርቁ ላይ መቶ የስንዴ ፍሬ። የአንደኛው ጨርቅ እርጥብ ነው፤ ዘጠና አራት ፍሬ በቅሏል። የሁለተኛው ደርቆ ክርር ብሏል፤ የበቀለው አርባ አንድ ነው።

ቅዳሜ ከጎረቤቷ ከኤልዳድ ጋር ፊልም ለማየት ጠረጴዛውን ሲያስለቅቁ፣ ሁለተኛውን ሳህን ቴሌቪዥኑ አናት ላይ አስቀምጠው ረሱት።

እናቷ ብርነሽ የሰብል ባለሙያ ናት። ዛሬ ካዛንቺስ ለስንዴ ገበሬዎች የአምስት ቀን ሥልጠና ትጀምራለች። ሳህኖቹ ላይ ያለው ገበሬዎቹ መብቀል አለመብቀሉ እንዲፈተሽ አስቀድመው የላኩት የዘር ናሙና ነው። ሠልጣኞቹን ለማምጣት ሞጆ ስትሄድ፣ «ጨርቁ እንዳይደርቅ፣ አደራ» ብላት ነበር።

«አርሺውና ስጪያት በቃ» አለ ጠዋት ብቅ ያለው ኤልዳድ። «ዘሩ የማይረባ ነው ይባላል፣ አለቀ። ስንዴ አይናገር።»

አራሰችው። ከቡልጋሪያ ሰፈር ካዛንቺስ ድረስ ሳህኖቹን ጭኗ ላይ አድርጋ በታክሲ ሄደች።

አዳራሹ ውስጥ ብርነሽ ሰሌዳው ላይ 94 እና 41 ብላ ጻፈች። ግንባሯን ቋጠር አድርጋ፣ «ሁለተኛው ዘር የማን ነበር?» አለች።

ሸበት ያሉ ሰውዬ ከኋላ ተነሡ። «የእኔ የደጋጋ ነው። ሰባት ኩንታል ለዘር አስቀምጬ ነበር።» ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እንግዲህ ወፍጮ ቤት ነዋ የሚሄደው። ለመዝሪያው የቀረን ሦስት ሳምንት ነው፣ ሌላ ከየት አባቴ አመጣለሁ?»

ሐሴት ለሠልጣኞቹ የምታድለውን ወረቀት ወንበር ላይ አስቀመጠች።

«ጨርቁ ደርቆ ነበር» አለች። «ማለቴ… እኔ ነኝ። ሁለት ቀን ውሃ አላጠጣሁትም። ዛሬ ጠዋት ነው ያራስኩት።»

ብርነሽ ልጇን አየቻት። ከዚያ 41ን በመዳፏ አጥፍታ «አልተፈተሸም» ብላ ጻፈች።

አቶ ደጋጋ በረጅሙ ተነፈሱ። «አንቺ ልጅ፣ ሰባት ኩንታል ልታስፈጪኝ ነበር እኮ!»

አዳራሹ ሳቀ። ሐሴትም ሳታስበው አብራ ሳቀች።

አቶ ደጋጋ ከናሙናው የተረፈውን ስንዴ ፊቷ ዘረገፉላት። «ወፍራም ወፍራሙን እንዳትመርጪ። እንደመጣ መቶ ቁጠሪ።»

ማታ ኤልዳድ ፊልም ይዞ መጣ። ሐሴት ሳህኑን ከጠረጴዛው አላነሣችም፤ «መሬት ተቀመጥ» አለችው። ጠዋትና ማታ ጨርቁን ስታርስ ሰዓቱን ደብተሯ ላይ ጻፈች።

ዓርብ ከሰዓት አንድ ጊዜ ለብቻዋ ቆጠረች። ሁለተኛውን ጊዜ አቶ ደጋጋ አጠገቧ ተቀምጠው፣ ፍሬ በፍሬ አብረው ቆጠሩ።

ከመቶው ዘጠና አንዱ በቅሏል።