ፋጡማ ከዲስኬቱ የሰማችው ስም

ቡዳ፣ ጂኒ፣ ዛር ሲባል ከሚስቁት ሰዎች አንዱ ነበርኩ፣ እንዲያውም ኮምፒውተር የተማረ ሰው በጂኒ አያምንም እያልኩ የሰው ጨዋታ አበላሽ ነበር፣ እንግዲህ ይሄን የሚነግርህ ያው ሰውዬ መሆኑን አትርሳ።

በደርግ የመጨረሻ ዓመታት አሰብ ውስጥ፣ ወደቡ አጠገብ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ክፍል ተቀጠርኩ፣ ከናዝሬት ከመጣሁ ሁለት ወር አልሞላኝም ነበር። አለቃዬ ፋጡማ እዚያው አሰብ አቅራቢያ ያለችው የራሔይታ ልጅ ናት፣ ዲስኬት ስታስገባ ጆሮዋን ማሽኑ ላይ ደገፍ አድርጋ በድምፁ ብቻ "ይሄ ተጭሯል፣ ይሄ ደህና ነው" ትላለች፣ ደግሞ አትሳሳትም። እመነኝ፣ ዲፕሎማዬን ይዤ አጠገቧ ስቀመጥ አፍር ነበር።

አንድ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ፣ ሙቀቱ ከተማውን ሁሉ እቤቱ አስተኝቶት፣ ስልክ ጮኸ። ከሐኪም ቤት ነው። የክሬን ሠራተኛችን ተስፋዬ ከላይ ወድቆ ደሙ እየፈሰሰ ነው፣ ኦ ኔጋቲቭ ደም ያለው ሰው ቶሎ ላኩልን አሉ። የሠራተኞቹ ሁሉ የደም ዓይነት የተመዘገበው እኛ ጋ ነው፣ ነገር ግን ከአዲስ አበባ የመጣ ባለሙያ በቀደም መዝገቡን በሙሉ ወደ አዲሱ የፕሮግራም እትም ቀይሮት፣ የድሮውን ቅጂ እንኳ ሳያስቀር ሄዷል፣ አዲሱ ፕሮግራም የተጫነበት ኮምፒውተር ደግሞ በሙቀቱ ቆሟል። የቀረን አሮጌው ኮምፒውተርና መዝገቡ ያለበት ዲስኬት ነው። አስገባነው፣ "ይህ የዳታቤዝ ፋይል አይደለም" አለን። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው፣ ተስፋዬን አውቀዋለሁ፣ የሦስት ልጆች አባት ነው።

ፋጡማ ግን ረጋ ብላ፣ "ፋይሉ አልተበላሸም፣ አሮጌው ፕሮግራም ያላወቀው መጀመሪያው ላይ ያለችውን የእትም ምልክት ነው፣ እሷን ብቻ በድሮዋ እለውጣታለሁ" አለች። እኔ ይሄን በመጽሐፍም አላየሁም። ምልክቷን ስትፈልግ ዲስኬቱ ክር ክር ማለት ጀመረ፣ እንደ ልማዷ ጆሮዋን ደገፍ አደረገች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ወደኔ ዞረች።

"አንተ ነህ፣ ሂድ ደም ስጥ።"

"ኧረ ፋጡማ፣ እኔ እኮ ገና አልተመዘገብኩም፣ የደሜን ዓይነት ራሴም አላውቀውም!"

"ወላሂ ስምህን ሰምቼዋለሁ፣ ሂድ አልኩህ!"

በዚያ ፀሐይ ሮጥኩ፣ መረመሩኝ፣ ኦ ኔጋቲቭ ነኝ። ተስፋዬ ተረፈ።

አስር ሰዓት ላይ ክንዴን በጥጥ ይዤ ስመለስ ፋይሉ ተከፍቷል፣ ባለሙያው ቆልፎብን የሄደውን ያቺ ሴት አንዲት ምልክት ለውጣ ከፈተችው፣ እስከ ዛሬ ሳስበው እኮራባታለሁ። መዝገቡን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። የኔ ስም የለም። ከራሱ ከተስፋዬ በቀር ኦ ኔጋቲቭ የሆነም አንድ ሰው የለም። በጊዜው ተከፍቶልን ቢሆን ኖሮ "የለንም" ብለን ስልኩን እንዘጋ ነበር።

"ታዲያ ምኑን ነው የሰማሽው?" አልኳት።

"የሰማሁትን ነገርኩህ።"

"ከኔ በኋላስ፣ ሌላ ስም ነበር?"

ዲስኬቱን አውጥታ ማሽኑን አጠፋች።

"ነበር" አለች፣ ዓይኔን ሳታይ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

የማን እንደሆነ፣ ለምን እንደተጠራም፣ እስከተለያየን ድረስ አልነገረችኝም፣ እኔም፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ደግሜ ለመጠየቅ ፈራሁ።