ብልቃጡን ማን ሰማያዊ አደረገው?

እህቴን ባዩሽን እየጎተትኩ ወደ ጥናቱ ቤት የወሰድኳት እኔ ነኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ባሏ ዳርጌ ገበያ ላይ ባየኝ ቁጥር «ንጹህ ነሽ ብላችሁ ገደላችኋት» ይለኝ ነበር። የማኅፀን በር ካንሰርን ሳይብስ ለመለየት የሚያጠኑ ሰዎች ጂንካ ቤት ሲከራዩ፣ በጽዳት ተቀጥሬ የገዘር መንደር ሴቶችን «ኑ» ያልኩት እኔ ነበርኩ። ባዩሽ በ1975 ተመርምራ «ንጹህ» የሚል ወረቀት ተሰጣት። በኋላ ደም ሲፈሳት እንኳ «ወረቀት አለኝ» እያለች ሐኪም ሳታይ ቀረች። በ1977 ቀበርናት።

በ1980 ጥናቱ እንደገና ሊጀመር ሲል ከገዘር አንዲትም ሴት አልመጣም አለች። ያኔ ሲስተር ያለምወርቅ ነገሩን እንድትመረምር ከአዲስ አበባ ተላከች። ትንሽ የምትናገር፣ ብዙ የምታይ ሴት ናት። ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ የባዩሽን ፋይል ጠየቀች።

መጀመሪያ የያዘችው ጸሐፊውን ጎሳዬን ነው።

«ንጹህ ብለህ የጻፍከው አንተ ነህ?»

«ከአዲስ አበባ የመጣውን ነው የገለበጥኩት፤ ይኸው!»

ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጋ በጣቷ ተከተለች። ልዩነት የላቸውም።

ናሙና የሚወስደው ድሬሰሩ ለማ ሳይጠራ ገባ። «ጓድ ሲስተር፣ በሽታው በኋላ ነው የያዛት። ካልሆነም ብልቃጥ የምታጥበውን ጠይቂያት።» በአገጩ እኔን አሳየ።

ከሴቷ የተጠረገው ናሙና ቀጭን መስታወት ላይ ይቀባል፤ በሻካራው ጫፍ ስሟ ይጻፋል። ከዚያ እንዳይበላሽ ከዕለቱ ሌሎች መስታወቶች ጋር አልኮል ባለበት አንድ ብልቃጥ ውስጥ ይነከርና ወጥቶ በአውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ ይላካል። እኔ የማጥበው ባዶውን ብልቃጥ ነው።

«እትዬ አረጋሽ፣ ባዩሽ በተመረመረችበት ቀን የተለየ ነገር አይተሻል?»

«ጎሳዬ ብልቃጡ ውስጥ ቀለም ደፍቶ፣ ሳጥበው ሻሼን አበላሸብኝ እንጂ ምን አያለሁ!»

«ኧረ እኔ አልደፋሁም! አምስት ዓመት ሙሉ ለአንድ ሻሽ?» አለ ጎሳዬ።

«ታዲያ ሰማያዊ ያደረገው ማን ነው? ጅብ ነው?»

ሲስተር ቀና አለች። «ሰማያዊ?» ለማ የሸሚዙን ኪስ በእጁ ሸፈነ።

በዚያ ቀን የተመረመሩት ስድስት ሴቶች ናቸው። ታማሚ ተብላ አዲስ አበባ የተጠራችው ከበቡሽ ብቻ ነበረች። ሲስተር አስጠራቻት።

«እዚያ ምን አሉሽ?»

«ምንም የለብሽም አሉኝ። ጌታ ፈውሶኝ ነው፤ ጉባኤ ፊት መስክሬያለሁ!»

በማግስቱ ሲስተር ሁላችንንም ሰበሰበች፤ ዳርጌንም ጭምር። የለማን የኪስ እስክርቢቶ ተቀብላ አንድ መስታወት ላይ ስም ጻፈች። ሌላው ላይ በእርሳስ ጻፈች። ሁለቱንም አልኮል ውስጥ ነከረቻቸው። ጥቂት ቆይቶ አልኮሉ ሰማያዊ ሆነ። የእስክርቢቶው ስም ጠፋ፤ የእርሳሱ እንዳለ ነው።

«ለዚህ ነው በእርሳስ ብቻ ጻፉ የሚባለው» አለች። «በዚያ ሳምንት ጎሳዬ እርሳስ አለቀብን ብሎ የጻፈው ደብዳቤ ፋይሉ ውስጥ አለ። ብልቃጡም ሰማያዊ ነበር። ስለዚህ ስድስቱ መስታወቶች ከብልቃጡ ሲወጡ ስም አልነበራቸውም። አዲስ አበባ ግን ስም ይዘው ደርሰዋል። ሁለተኛ ማን ጻፈው?»

ሁላችንም ወደ ለማ ዞርን። ስም የሚጽፈው ለማ ብቻ ነው።

«ከበቡሽ፣ ጌታ አይፈውስም አልልም» አለች ሲስተር። «ግን ከአንድ ብልቃጥ ታማሚ የተባለችው ጤነኛ ሆነች፤ ጤነኛ የተባለችው ሞተች። ባንቺ ስም የሄደው መስታወት የባዩሽ ነበር።»

ከበቡሽ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«አውሮፕላኑ ከብቶቹ ከሜዳው እስኪባረሩ ከላይ ይዞር ነበር» አለ ለማ፣ መሬት መሬት እያየ። «እሱ ካመለጠኝ ሌላ የሚመጣው በሳምንቱ ነው። በግምት ጻፍኩ።»

«ሴቶቹን መልሰህ አትጠራም ነበር?»

«አጠፋህ እንዳልባል...»

ሲስተር የጥናቱን ቤት ቁልፍ ከእጁ ተቀበለች።

ዳርጌ ደጅ ጠበቀኝ። «አረጋሽ፣ እኔ እኮ...» አለ።

«ሰኞ አዲሷን ሚስትህን ይዘህ ና» አልኩት።

ሰኞ የገዘር ሴቶች መጡ፤ ግን ከበሩ አላለፉም። የዳርጌ ሚስትም መሀላቸው ነበረች። አልለመንኳቸውም። ገብቼ አልጋው ላይ ወጣሁ፤ ሲስተር መረመረችኝ። ተነሥቼ እርሳሱን ተቀበልኳትና በመሠረተ ትምህርት በለቀምኳት ፊደል ስሜን በገዛ እጄ መስታወቱ ላይ ጻፍኩ። አልኮሉ ውስጥ ነክሬ ቆየሁ። ከዚያ አውጥቼ፣ እየተንጠባጠበ፣ በሩ ላይ ቆሜ ለሁሉም አሳየኋቸው።

«አረጋሽ ይላል። አልጠፋም። ተረኛዋ ማን ናት?»